እባክዎ ከእኛ ጋር ይቆዩ

አክስቴ ሶሊያና ማክሰኞ ጠዋት ቁርሷን ሳትጨርስ ሁለት ጊዜ ልትሞት ነበር። መጀመሪያ ቂንጬው ጨው እንዳነሰው ስነግራት፤ ቀጥሎ ጎረቤታችን ኤልዳና በሩ ላይ ቆማ ባሏ ትናንትም አምሽቶ እንደመጣ ስታወራላት። ሁለቱንም ጊዜ ጣሪያው ላይ ያለው ቀዳዳ ተከፍቶ ንጹሕ ኦክስጅን እሽሽ እያለ ጸጉሯ ላይ ወረደ፤ ግድግዳውም በተረጋጋ የሴት ድምፅ፣ «እባክዎ ከእኛ ጋር ይቆዩ» አለ።

«የት ልሄድ ብለሽ ነው?» አለችው አክስቴ፣ ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ።

የምንኖረው ጀሞ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የከተማው መስኮቶች የተደፈኑት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። አየር የሚመጣልን ምድር ቤት ካለው ማሽን ነው፤ ሰዉ «ሳንባው» ይለዋል። እያንዳንዱ ነዋሪ አንገቱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መለኪያ ያስራል። የአየር መሥሪያ ቤቱ ረጅም ስም አውጥቶላት ነበር፣ ሰዉ ግን «ክታብ» ብሏት ቀረ። ክታብ ሊሞት የተቃረበ ለመሰላት ሰው ከሕንፃው መጠባበቂያ ኦክስጅን ታስለቅቃለች፤ ማን ምን ያህል እንደተነፈሰም ታውቃለች። ስለዚህ ልጆች ኮሪደር ላይ ገመድ የሚዘሉት በተራ ነው። ሰርግ የደገሰ ቤት ለእልልታ ያስፈቅዳል፤ ለሦስት ሴቶች ይፈቀድለታል፣ የቀሩት ያጨበጭባሉ። ጎል ሲገባ ደጋፊው ተነስቶ ሁለት እጁን ያወዛውዛል እንጂ ድምፁ አይሰማም። ሰላምታም አጥሯል። ድሮ ጤና፣ ልጆች፣ ሥራ እየተባለ ደጃፍ ላይ ያቆም የነበረው፣ አሁን በአንድ «ደህና» ይጀመርና የቀረው በአንገት ያልቃል።

እኔ ኖላዊ እባላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ቻይና፣ ሃርቢን ከተማ ተቀምጬ የሰውን አተነፋፈስ ተምሬ ተመልሻለሁ። ልቆይ አልቆይ ግን ገና አልወሰንኩም። ሰኞ ሰኞ ግድግዳው፣ «መኖሪያዎን ለአምስት ዓመት ያድሳሉ?» ይለኛል። ዝም እላለሁ። እሱም «ነዋሪው እያሰቡ ነው» ብሎ ያልፈኛል። ስለ እኔ ከዚህ የተሻለ የተናገረ ሰው የለም።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጋሽ አቤኔዘር መጡ። ጡረታ የወጡ የድሮን መካኒክ ናቸው፤ ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት እግሩን ነቅነቅ አድርገው ይፈትሹታል።

«እቴ ሶሊ፣ እንግዲህ አትቀየሚኝ» አሉ።

«ገና ምን አልክና?»

«መጠባበቂያው እያለቀ ነው። ባለፈው ሳምንት የስፖርት ክፍሉን ዘጋን፣ ዛሬ የልጆቹን ገመድ ሰበሰብን። አየሩ ሁሉ ወደዚህ ቤት ነው የሚፈሰው። አንቺ በዚህ ወር ብቻ የሞትሽውን ሞት የሕንፃው ሰው ተደማምሮ አልሞተውም።»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«እኔማ አውቃለሁ። ክታብሽ ናት የማታውቀው።»

ነገሩ ይህ ነበር። ሐሙስ ከአየር መሥሪያ ቤት ሰው ይመጣል። አክስቴ በሕይወት መኖሯን በፊቱ ካላረጋገጠች ወደ መጨረሻ እንክብካቤ ማዕከል ትወሰዳለች።

«ማዕከሉ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ጥሩ ነው ይላሉ።»

«ከዚያ የተመለሰ ሰው አለ?»

«ምግቡም ጥሩ ነው ይላሉ።»

«ጋሽ አቤኔዘር፣ የተመለሰ አለ ወይ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «መግቢያ ነው ያለው፤ መውጫ አልተሠራለትም። ሊሞት የገባ ሰው ሐሳቡን ይቀይራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።»

አክስቴ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። «ይህ ቤት ለእናቴ በዕጣ ነው የደረሳት» አለች። «በዕጣ የደረሰ ቤት በትንፋሽ ይወሰዳል እንዴ?»

ጋሽ አቤኔዘር የወንበሩን እግር እንደገና ነካክተው ሄዱ። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ተምረኸዋል። ሰው በቀን ስንት ይተነፍሳል?»

«ኦክስጅኑ ብቻ ከሆነ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንኳ ከአምስት መቶ ሊትር በላይ ይጨርሳል።»

«በሊትር አትንገረኝ።»

«በቢጫው ጀሪካን ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ይሆናል።»

«ያን ሁሉ እኔ?»

«ሁላችንም። ደግሞ ከምንስበው ሁሉንም አንወስደውም። ሩቡን እናስቀርና የቀረውን መልሰን እናወጣዋለን።»

«ታዲያ ከአራት ሦስቱን እየመለስኩ ነው የሚከሱኝ?»

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ጣሪያው በተከፈተ ቁጥር የሚወርደው ኦክስጅን አንድን ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ያዘልቀዋል። ማሽን ያለ ምክንያት ይህን ያህል አይሰጥም ብዬ አመንኩ። እኔ የተማርኩት ማሽን ሲናገር ሰው ዝም በሚልበት ክፍል ውስጥ ነው። አክስቴ የደበቀችኝ በሽታ ያለ መሰለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ወደምሠራበት የትንፋሽ ምርመራ ክፍል ወሰድኳትና ጭምብል አድርጌ አስቀመጥኳት። እንዳትናገር ስለተነገራት ግድግዳ ስታይ ቆየች። ሳንባዋ ከእኔ ይሻላል፤ ክታቧም አንዴ እንኳ ድምፅ አላሰማችም።

«እንዴት ነበር?» አልኳት ስንወጣ።

«ሰው ያልመጣበት ለቅሶ ቤት ይመስላል።»

ወደ ሕንፃው ስንገባ ጥበቃው፣ «እማማ ሶሊ፣ ዛሬ ደግሞ ሙቀቱ በረታ» አላት። ገና ከማለቱ እሽሽ አለ። «እባክዎ ከእኛ ጋር ይቆዩ።» ጥበቃው ለደንቡ ያህል ባርኔጣውን አነሳ።

ከሰዓት ኤልዳናና በእምነት የሚባለው ባሏ ሊታረቁ መጡ። ሕንፃው ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚመጣው ወደ አክስቴ ነው። አትፈርድም፣ አትመክርም። ትሰማለች። ሰዎቹ ተናግረው ተናግረው ሲደክማቸው ወይ ይታረቃሉ ወይ ይርባቸዋል።

«እኔ እኮ ምንም አላልኩትም፣ እማማ ሶሊ» አለች ኤልዳና።

አክስቴ አፏን ከፈት አድርጋ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። እሽሽ። «እባክዎ ከእኛ ጋር ይቆዩ።»

«ሲገባ ጫማውን እንኳ አያወልቅም።»

ሳብ አደረገች። እሽሽ። «እባክዎ ከእኛ ጋር ይቆዩ።»

«እሷስ?» አለ በእምነት። «ለሳምንት የተመደበልንን ትንፋሽ እሷ ናት በሰኞ ጭቅጭቅ የምትጨርሰው።»

ሳብ። እሽሽ።

ከሥራ ቦታ ያመጣሁትን መለኪያ ይዤ ጥግ ላይ እንደተቀመጥኩ ገባኝ።

ያንን ድምፅ አውቀው ነበር። ቃል አይደለም። በፊደልም አይጻፍም፤ ፊደሎቻችን ሁሉ የተሠሩት ወደ ውጭ ለሚወጣ ትንፋሽ ነው። እንግዲህ «ህእ» ብዬ ልጻፈው። አዎ ማለት ነው። እሰማሃለሁ፣ ቀጥል፣ እውነትህን ነው፣ እኔም ደርሶብኛል ማለት ነው። ሃርቢን በገባሁ ሰሞን አስተማሪዬ «ገባህ?» ሲለኝ «ህእ» ብዬ መለስኩለት፤ የታነቅኩ መስሎት ጀርባዬን መታኝ። በሌላ ቀንም መታኝ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት፣ ተውኩት ብዬም አላሰብኩም። የዛሬ ልጆችም ክታብ አስረው ስላደጉ ይነቀንቃሉ እንጂ አይስቡም። አልፎ አልፎ የአንዱ ሽማግሌ ክታብ ሲጮህ ሰዉ «አስነጠሳት» ብሎ ያልፋል። ክታብን የሠሩት ሰዎች ያሉት ሩቅ አገር ነው። እነሱ እንዲህ ድንገት ሳብ የሚያደርግ ደረት የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው፤ የሚሞት ሰው ደረት።

ባልና ሚስቱ ሲሄዱ ከአክስቴ ጎን ተቀመጥኩ።

«'ህእ' ስለምትዪ ነው» አልኳት።

«ምን ስለምል?»

«አየር ወደ ውስጥ እየሳብሽ እሺ ትያለሽ።»

«እኔ? እኔ እንዲህ አላደርግም።»

«ለኤልዳና ስታደርጊ ነበር።»

«ኤልዳናንማ እየሰማኋት ነበር። ሌላ ምን አደረግኩ?»

«መስማትሽን በምን አወቀች?»

ትንሽ አሰበች። «ህእ» አለች።

እሽሽ። «እባክዎ ከእኛ ጋር ይቆዩ።»

«አሁን አደረግኩ እንዴ?»

የቀረውን ከሰዓት ስንለማመድ ዋልን። «አዎ» እንድትል፣ ትንፋሹን ወደ ውጭ እንድታወጣው። መጀመሪያ እንደሚያስነጥሰው ሰው ሆነች፤ በኋላ ተቃናላት። «አዎ» ትላለች፣ ጥርት አድርጋ። ጣሪያው ዝም ይላል። ተደሰትኩ። ደስታዬ ኤልዳና የረሳችውን ሻርፕ ልትወስድ እስክትመለስ ቆየ።

ሻርፑን አንስታ በሩ ጋ ቆመች። «አንዳንዴ ሳስበው» አለች በቀስታ፣ «በእምነት የሚወደኝ አይመስለኝም።»

«አዎ» አለች አክስቴ።

የኤልዳና ፊት ተለወጠ። «ነገረዎት እንዴ?»

«አዎ። ማለቴ፣ ምኑን?»

«መቼ ነው የነገረዎት?»

«ኧረ ልጄ፣ አዎ ያልኩት እኮ…»

ኤልዳና ሻርፑን ጥላ ሄደች። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አየህ? ያንተ አዎ ሰው ያፋታል። ወደ ውስጥ ስስበው የነገሩኝን ነው የምቀበለው። ወደ ውጭ ስለው ፍርድ ሆነ።» ሻርፑን አንስታ አጣጠፈችው። «እንዲህ እየመለስኩ እዚህ ከምኖር ማዕከሉ ሄጄ ጥሩ ምግባቸውን ብበላ ይሻለኛል።»

«ነገ አንድ ጊዜ ብቻ በይው። ከመሥሪያ ቤቱ ለሚመጣው ሰው።»

«ህእ» አለች። ሁለታችንም ጣሪያውን አየነው።

ሐሙስ የሕንፃው አዳራሽ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ፣ ወጣቶቹ ግድግዳውን ይዘው፣ ኤልዳናና በእምነት በሁለት ጫፍ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ደርበው የሚባል ወጣት ነው። የእሱ ዘመን ወላጆች ሶሊያናና አቤኔዘር የሽማግሌ ስም ሆኖ ስለታያቸው ልጆቻቸውን ደርበው፣ ጥሩነህ፣ ዘነበች እያሉ ነው ያወጡላቸው። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ሳጥን አስቀመጠ። የክታቧን ነገር ዘርዝሬ ነገርኩት። በትሕትና አዳመጠኝ፣ አንገቱን እየነቀነቀ።

«የሚጠይቀው ሳጥኑ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ ስጨርስ። «እኔ ሳጥኑን ነው የማመጣው።»

አክስቴ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሳጥኑ በዚያው በተረጋጋ የሴት ድምፅ ጠየቀ።

«ወይዘሮ ሶሊያና። በሕይወት አሉ?»

አክስቴ ወደ እኔ አየች። ከንፈሬን ወደ ውጭ አሞጥሙጬ አሳየኋት። አፏን ከፈተች። ግን ጥያቄው በጨዋ ድምፅ ነበር የተጠየቀው፣ እሷ ደግሞ በጨዋ ለሚጠይቅ ሰው ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ መንገድ ነው የመለሰችው።

«ህእ» አለች።

እሽሽ። «እባክዎ ከእኛ ጋር ይቆዩ።» ሳጥኑ ቀጠለ፦ «የመጨረሻ ምልክት ተመዝግቧል። ጥያቄው ይደገማል። በሕይወት አሉ?»

«አልኩ እኮ።»

«እባክዎ 'አዎ' ወይም 'አይደለም' ይበሉ።»

«አዎ በይ» አልኳት በሹክሹክታ።

«እንዲህ ወደ ውጭ አዎ የሚለው የተቆጣ ሰው ነው፤ ማንን ልቆጣ ነው?» አለች ጮክ ብላ። «ምን አደረገኝ?»

«ቁጣ ተሰምቷል» አለ ሳጥኑ። «ቁጣ ከሞት በፊት የሚታይ ስሜት ነው። እናዝናለን።»

ደርበው በኪሱ የያዘውን ደንብ ከፍቶ በጣቱ ፈለገ። «ሰውየው መልስ መስጠት ካልቻለ» አለ ወደ አዳራሹ ዞሮ፣ «የሚያውቁት ነዋሪዎች በአንድነት መመስከር ይችላሉ ይላል። እንግዲህ እናንተ፣ እማማ በሕይወት እንዳሉ ትመሰክራላችሁ?»

ወጣቶቹ ነቀነቁ። ሽማግሌዎቹና ጎልማሶቹ ግን ሁሉም፣ ጋሽ አቤኔዘርም፣ ጥበቃውም፣ ኤልዳናም፣ በእምነትም ከሌላኛው ጫፍ፣ በአንድ ላይ ሳቡ።

«ህእ።»

የአዳራሹ አየር በሙሉ ሰው ውስጥ የገባ መሰለኝ። ከዚያ ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ። ጸጉር ተበተነ፣ ነጠላ ተነሳ፣ ያቺ የግድግዳው ሴት ለሃምሳ አንገት እየደጋገመች ከእኛ ጋር ይቆዩ፣ ከእኛ ጋር ይቆዩ ማለት ጀመረች። ኤልዳናና በእምነት ተያዩ። ከስንት ጊዜ በኋላ በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር።

«የጅምላ ሞት ተመዝግቧል» አለ ሳጥኑ። «በማዕከሉ ያሉት አልጋዎች አይበቁም። እባክዎ በተራ ይሙቱ።»

ወዲያው የሳጥኑ ስልክ ጠራ። የደርበው አለቃ ነበሩ፤ ድምፃቸው ለሁላችንም ይሰማል።

«ምንድን ነው የምሰማው? ሁሉም ሞቱ ወይ?»

«ቆመውም ተቀምጠውም ነው ያሉት፣ ጌታዬ።»

«በዓይንህ እያየሃቸው ነው? በሕይወት አሉ?»

ደርበው ነቀነቀ። አለቃው ግን ያሉት ስልክ ላይ ነው።

«አትሰማም እንዴ? አሉ ወይ ነው የምልህ።»

ደርበው አጥብቆ ነቀነቀ። ግንባሩን አላበው። አዳራሹን አየ፣ አክስቴን አየ፣ ከየት እንደመጣለት ሳያውቅ «ህእ» አለ።

እሽሽ። «እባክዎ ከእኛ ጋር ይቆዩ።»

ደርበው አንገቱን በእጁ ያዘ።

«እንዴ» አሉ አለቃው በስልኩ። «ይኼ ነገር እንዲህ ስንል ነው እንዴ የሚጮኸው?»

«ይመስለኛል፣ ጌታዬ። እርስዎም ይሉታል?»

ከስልኩ ማዶ ቀጭን እሽሽታ ተሰማ፣ ተከትሎም የምናውቃት ሴት።

አክስቴ ቤቷ ቀረች። መሥሪያ ቤቱ ስሕተት ነበር አላለም። «ክታብ ከዛሬ ጀምሮ የነዋሪውን አዎንታዊ ምላሽ በባህሉ መሠረት ትቀበላለች» የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው ተነገረ። ያ ድምፅ ከእንግዲህ አዎ ማለት ነው። መጠባበቂያው ሞላ፣ ልጆቹ ገመዳቸው ተመለሰላቸው። አክስቴ ከኤልዳናና ከበእምነት መሐል ተቀምጣ እንደ ልቧ ትስባለች፤ ጣሪያውም አይተነፍስም።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጋሽ አቤኔዘር አስቆሙኝ። «እንግዲህ የእውነት የምሞት ቀንስ?» አሉኝ። «ያን ጊዜም መሳቤ አይቀርም። በምን ታውቃለች?»

መሥሪያ ቤቱን ጠይቄ ነበር። «በጥናት ላይ ነው» ብለውኛል። ለጋሽ አቤኔዘርም ይህንኑ ነገርኳቸው፤ «ህእ» አሉ፣ ግድግዳውም፣ «እናመሰግናለን፣ ምላሽዎ ተመዝግቧል» አለ። ሳያውቁት ለሚቀጥለው የሥራ ዘመንም ሊቀ መንበር ለመሆን ተስማምተው ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በዝቷል። በእምነት የእግር ኳስ ወሬ ሲሰማ ለጽዳት ቡድን ፈርሟል። «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ለሚለው ጥያቄ የከተማው ሽማግሌ ሁሉ ረክቷል። ሁለተኛ ፎቅ አንድ አዛውንት ሲያርፉ ግድግዳው ምላሻቸውን አመስግኖ መዘገበ። በምን እንደተስማሙ ቤተሰቡ እስካሁን ይጠይቃል።

ባለፈው ሰኞ ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር፤ እሱን የለወጠው ዘመን የለም። ስድስቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። በራችን ጋ ስደርስ ጉልበቴን ይዤ አጎነበስኩ፣ አፌ ተከፍቷል፣ አየሩ አልበቃ ብሎኛል። ግድግዳው የሰኞውን ጠየቀ።

«መኖሪያዎን ለአምስት ዓመት ያድሳሉ?»

በረጅሙ ሳብኩ።

«እናመሰግናለን። ምላሽዎ ተመዝግቧል።»

አክስቴ በሩን ከፈተች። «ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም። ተነፈስኩ።»

«እኔ የሰማሁት እሺ ስትል ነው።»

«ስድስት ፎቅ ወጥቼ ነው፣ አክስቴ።»

«ምላሽዎን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» አለ ግድግዳው።

አሁን ብስብ መሰረዝ ሊሆን ነው። ትንፋሼን ያዝኩ። አክስቴ በሩን ይዛ ታየኛለች። ሰው ከሚያስቀረው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን የሚበላው ጭንቅላቱ ነው፤ ሲጠራጠርም ሲያምንም ያው እኩል ይበላል። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ያን ጊዜ ግን አልጠቀመኝም። ጆሮዬ ጮኸ፣ ዓይኔ ውሃ አቀረረ።

«ኖላዬ» አለች አክስቴ፣ «ፊትህ ቲማቲም መሰለ።»

«የስረዛ ጥያቄ አልቀረበም» አለ ግድግዳው። «ከእኛ ጋር ስለቆዩ እናመሰግናለን።»

ያን ጊዜ ወደ ውጭ ተነፈስኩ፣ ሁሉንም። አክስቴ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችልኝ።

«ራበህ?» አለችኝ።

«ህእ» አልኩ። ይህኛው ከደረጃው ድካም አልነበረም።